ድምፅ ያለው አይኖርበትም፣ የሚኖርበት ድምፅ የለውም

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች የባለቤቶች ስብሰባ ላይ በየጊዜው የሚነሳ፣ በየጊዜውም ሳይቋጭ የሚያድር አንድ አጀንዳ አለ። ደረጃው በዕቃ ተዘጋ፣ ኮሪደሩ ማለፊያ አጣ፣ ግቢው ቆሸሸ ይባላል። ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አይፈጅም፤ ተከራይ ነው። «የራሱ ቤት አይደለ፣ ምን ይቆረቁረዋል?» ይላል አንዱ። ሌላው «ዛሬ ገብቶ ነገ የሚወጣ ሰው ምን ብሎ ይጠነቀቃል?» ሲል ያጠናክርለታል። ማስታወቂያ ተጽፎ በመግቢያው ግድግዳ ይለጠፋል፤ ጥበቃው በየበሩ እየዞረ እንዲያስጠነቅቅ ይታዘዛል። ወር ሳይሞላ ባልዲውም የከሰል ማዳበሪያውም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ወቀሳው እንደገና ይጀመራል።

ይህ ፍርድ ከሥሩ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። ተከራይ ሁሉ ጥንቁቅ ነው ለማለት አይደለም፤ ኮሪደሩን እንደ ግል ጓዳው የሚቆጥር ተከራይም ባለቤትም አለ። ነገር ግን የጋራ ቦታዎች የሚጣበቡት በዋናነት በሰው ጠባይ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ ውኃና መብራት ሳታቋርጥ ማቅረብ ስላልቻለች፣ ለማብሰያና ለማጠቢያ የተሠራው ቤት ለሌላ ሥራ ስለተከራየ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ሕንፃው የሚወስነው ሰው በሕንፃው ውስጥ ስለማይኖር ነው። እነዚህን ሳይነኩ ተከራዩን መውቀስ፣ ሲከፋም ማስወጣት፣ ችግሩን ለሚቀጥለው ተከራይ ከማስረከብ አያልፍም።

ጉዳዩ የጽዳት ብቻ አይደለም

መጀመሪያ የምንስተው ነገሩን የንጽህናና የውበት ጉዳይ አድርገን ስናየው ነው። ደረጃ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ሶፋ ዓይን ያስጠላል ተብሎ ይነሳ ይሆናል እንጂ፣ ሰው መውጫ ያሳጣል ተብሎ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። በብዙ ብሎኮች አንድ ቤተሰብ ወደ መሬት የሚወርድበት ደረጃ አንድ ብቻ ነው። በእሳት አደጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነበልባሉ ቀድሞ የሚገድለው ጭሱ ነው። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ብሮንክስ፣ 19 ፎቅ ባለው የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተነሳ እሳት 17 ሰዎችን ገድሏል፤ ከእነሱ 8ቱ ሕፃናት ነበሩ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ከጋምቢያ የሄዱ ስደተኞችና ልጆቻቸው ናቸው። እሳቱ ራሱ ከተነሳበት ቤትና ከደጃፉ ኮሪደር ብዙም አልራቀም። ሰዎቹ የሞቱት በጭስ ታፍነው ነው፤ በራሱ ጊዜ መዘጋት የነበረበት በር ክፍት ቀርቶ ጭሱ በደረጃው በኩል ሽቅብ ወጣ፣ ለማምለጥ የሚወርደውንም ሰው እዚያው ያዘው። በሰላሙ ቀን መተላለፊያ ብቻ የሚመስለን ቦታ በአደጋው ደቂቃ የሕንፃው ዋና ክፍል ይሆናል።

የእኛ የ20/80 ብሎኮች ከዚያ ሕንፃ በአንድ ነገር ይሻላሉ። የብዙዎቹ ኮሪደርና ደረጃ ለአየር ክፍት ስለሆነ ጭስ እንደዚያ አይታመቅባቸውም። ይህንኑ ጥቅም ግን በገዛ እጃችን እያጠፋነው ነው፤ ብርድና አቧራ ገባ ብሎ የኮሪደሩን ክፍት በላሜራ የሚደፍን አለ፣ ደጃፉን በመስታወት አጥሮ ክፍል የሚጨምርም አለ። እንደ ሰንጋ ተራና ክራውን ባሉ የ40/60 ረጃጅም ሕንፃዎች ደግሞ ሊፍት አለ ተብሎ ደረጃው ይረሳል። በእሳት ጊዜ ሊፍት እንደማይገባበት የሚያስታውስ ሰው በሌለበት፣ የማይረገጥ ደረጃ ፍራሽና ካርቶን ማከማቻ ቢሆን አይገርምም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ያለው ጥግ ነው። በብዙ ብሎኮች የመብራት ቆጣሪዎች የሚደረደሩት በመግቢያው አካባቢ ነው፤ ያገለገለ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ወንበርና የአሸዋ ማዳበሪያ የሚጣለውም እዚያው። አንዳንዱ የጋዝ ሲሊንደሩንም እዚያ ያቆማል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ ከቆጣሪ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። እሳት ከዚያ ከተነሳ ከላይ ያለው ሁሉ መውረጃውን የሚያጣው ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው። ምድር ቤቱ በዕጣው ጊዜ ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ የሚሰጥበት ወለል መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ለእሱ ተብሎ በተመደበለት ወለል ላይ በሌሎች ትርፍ ዕቃ መካከል መንገድ ሲለምን ማየት የሚያሳፍረው ማንን ነው?

ዕቃው ለምን ደጅ ወጣ?

የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ሲጀመር፣ ዕቅዱን የነደፉት ሰዎች የአዲስ አበባን ኑሮ ጨርሰው አልዘነጉትም ነበር። ከጠባብ የቀበሌ ቤትና ከሰፊ ግቢ ወደ ፎቅ የሚወጣ ቤተሰብ እንጀራ ይጋግራል፣ በርበሬ ይደልዛል፣ ለበዓል በግ ያርዳል፣ ለቅሶም ሲደርስበት እንግዳ ይቀበላል። ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ቤት ይህን ሁሉ እንደማይችል ስለታወቀ ከብሎኮቹ ጎን ኮሙናል የሚባለው የጋራ መገልገያ ቤት ተሠራ። ለማብሰያ፣ ለማጠቢያ፣ ለዕርድና ለመሰብሰቢያ ነበር የታሰበው። ኮንዶሚኒየሙን ከውጭ አገር አፓርታማ ቅጂነት ያወጣው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ ትንሽ ቤት ነው።

ዛሬ ወደ ብዙ ሳይቶች ሄዳችሁ ኮሙናሉን ብትፈልጉ ሱቅ፣ የሕፃናት መዋያ ወይም መጋዘን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ምክንያቱ ስግብግብነት ብቻ አይደለም። ባለቤቶቹ ወርኃዊ መዋጮ አይከፍሉም፤ ማኅበሩ ጥበቃና ጽዳት የሚቀጥርበት ገንዘብ ያጣል፤ በእጁ ያለው የሚከራይ ነገር ኮሙናሉ ብቻ ስለሆነ ያከራየዋል። ምጣዱና ከሰል ምድጃው ያን ጊዜ መሄጃ አጥተው ኮሪደር ላይ ይወጣሉ። ኮሪደሩ ይጠቁራል፣ ይዘጋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ መዋጮ ያልከፈሉት ሰዎች ተነስተው «ተከራዮች አስቸገሩን» ይላሉ። ሰንሰለቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያይ ሰው ጥፋቱን በመጨረሻው ቀለበት ላይ ብቻ አይጭንም።

ውኃውም እንዲሁ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበትና ግፊቱ ላይኛው ፎቅ በማይደርስበት ሳይት፣ በርሜልና ጄሪካን የቅንጦት ዕቃ አይደሉም። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አንዴ ደጃፍ ላይ ከተቀመጠ ማንም ቶሎ አያነሳውም፣ በጨለማ የሚሮጥ ሰውም አያልፈውም። ግን ስቱዲዮ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃና በርሜል አብረው የት ይገባሉ? ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩት ዕቃዎች ዝርዝር ቢወጣ ግማሹ የከተማዋ አገልግሎት ጉድለት መዝገብ ነው። ይህን በማስታወቂያ ወረቀት ማስቆም አይቻልም።

የሚወስነውና የሚኖረው

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ነገሩን በግልጽ አስቀምጦታል። የግል ቤት ያልሆነው የሕንፃው ክፍል ሁሉ፣ ደረጃውም ኮሪደሩም ጣሪያውም ግቢውም፣ የባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ነው። የሚያስተዳድረው ባለቤቶቹ አባል የሆኑበት ማኅበር ነው፤ ወጪውን የሚሸፍኑትም እነሱ ናቸው። ከአዋጁ በስተጀርባ ባለቤቱ በቤቱ ይኖራል የሚል ግምት ያለ ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ሆነ። ዕጣ የወጣላቸው ብዙ ሰዎች የባንኩን ዕዳ መክፈል ሲያቅታቸው ኮንዶሚኒየሙን አከራይተው ራሳቸው ረከስ ያለ ቤት ተከራዩ። ገዝቶ የሚያከራይ ሌላ አለ። ቤቱ ጀሞ ወይም የካ አባዶ፣ ባለቤቱ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን፣ ውክልናው ወንድም እጅ ነው። ወንድምየው የሚያውቀው የኪራዩን ቀን ብቻ ነው።

ውጤቱን ለማየት አንድ ስብሰባ መታደም ይበቃል። ድምፅ የመስጠት መብት ያለው ሰው በዚያ ደረጃ አይወርድም፤ በየቀኑ ልጅ አቅፎ የሚወርድበት ሰው ስብሰባው ላይ ወንበር የለውም። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ይበተናል። የተነቀለው የደረጃ መደገፊያ ሳይጠገን ክረምቱ ይገባል። ተከራዩ ለአከራዩ ይናገራል፣ አከራዩ «ለኮሚቴው ንገር» ይለዋል፣ ኮሚቴው «አከራይህ መዋጮ አልከፈለም» ይለዋል። ከዚህ በኋላ ያ ሰው ለጋራው ቦታ ደንታ ቢያጣ፣ ግዴለሽነቱን ያስተማርነው እኛ ነን።

ሕጉ ከሰፈሩ ወሬ ይልቅ ሚዛን አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። በአንቀጽ 2080 ደግሞ ከሕንፃ ላይ ወድቀው ጉዳት ለሚያደርሱ ዕቃዎች ተጠያቂ የሚያደርገው በሕንፃው የሚኖረውን ሰው ነው። ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ የአበባ ማሰሮ ወድቆ አላፊ አግዳሚ ቢጎዳ፣ «እኔ ተከራይ ነኝ» ማለት አያድንም። የላላው መደገፊያ ተነቅሎ ሰው ቢወድቅ ግን ጥያቄው ባለቤቶቹ ዘንድ ይሄዳል፤ ዱባይ መሆናቸውም ሆነ ስብሰባ አለመምጣታቸው መልስ አይሆናቸውም። አከራዮች ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። ቢያውቁ ኖሮ የመዋጮው ክርክር መልኩ በተለወጠ ነበር።

«ተከራይ አላፊ ነው» የሚለው ዋና መከራከሪያም መሠረቱ እየተናደ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያስገድዳል፤ የውሉ ዘመንም በመርህ ደረጃ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። አከራይ በስድስት ወሩ ዋጋ ጨምሮ ያስወጣው የነበረ ሰው አሁን ቢያንስ በወረቀት ላይ ጎረቤት ሆኗል። ውሉ መጻፉና መመዝገቡ ካልቀረ ስለ ጋራ ቦታዎች አንድ ገጽ ማያያዝ ምንም አይከብድም፤ ምን የት አይቀመጥም፣ ከሰል የት ይያያዛል፣ የብልሽት ጥቆማ ለማን ይነገራል፣ መዋጮውን የሚከፍለው ማን ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚፈረመው ውል ስለ ዋጋ፣ ስለ ቅድሚያ ክፍያና ስለ ግድግዳ ቀለም ሲያወራ ስለ ደረጃው አንድ ቃል የለውም። ደላላውም የሚያሳየው ከበሩ ወደ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።

«ሁሉም ይነሳ» የሚሉት ወገኖች

ከእኔ ሐሳብ በተቃራኒ የቆሙ ሁለት ጠንካራ ወገኖች አሉ፤ ሁለቱንም አከብራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሙሉ ክልከላ የሚሉት ናቸው፤ ከደጃፍ ውጭ ጫማም ቢሆን አይቀመጥ ባይ። እንዲህ ያለ ክርክር በእንግሊዝ የኪራይ ሕንፃዎችም የቆየ ነው፤ አንዳንዱ አከራይ ምንም ነገር እንዲቀመጥ አይፈቅድም፣ ሌላው የማይቀጣጠልና መንገድ የማይዘጋ ጥቂት ዕቃ ይፈቅዳል። የሙሉ ክልከላ ጥቅሙ ግልጽነቱ ነው። አበባ ማሰሮ ከተፈቀደ ብስክሌት ይከተላል፣ ብስክሌት ከተፈቀደ ቁም ሣጥን ይመጣል። እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ እኛ ዘንድ ደንቡን በጭፍን መተርጎም ሰው ይገድላል። መብራት ሲጠፋ ከሰል የሚያያይዝ ሰው ኮሪደር ላይ ከተከለከለ ምድጃውን ወደ ክፍሉ ያስገባዋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በርና መስኮት ዘግቶ የተኛን ቤተሰብ አንድ ላይ ይጨርሳል። ይህ በከተማችን በየክረምቱ የምንሰማው ሐዘን ነው። ስለዚህ ኮሙናሉን ሳይመልስ ወይም ግቢ ውስጥ የከሰል ቦታ ሳይለይ ኮሪደሩን የሚያጸዳ ኮሚቴ፣ አደጋውን ከሚታይበት ቦታ ወደማይታይበት ነው የወሰደው።

ሁለተኛዎቹ ስለ ሌባ የሚጨነቁት ናቸው። ከደረጃው ወደ ኮሪደሩ በሚገባበት ቦታ የብረት ፍርግርግ ይተክላሉ፣ ማታ በቁልፍ ይቆልፋሉ። ጫማ፣ ጄሪካን፣ የሳተላይት ዲሽ ሳይቀር ሲሰረቅ የኖረ ሰው ይህን ቢያደርግ መፍረድ ይከብዳል። እኔም ፍርግርጉ ይነሳ አልልም። ጥፋቱ ቁልፉ ላይ ነው። ለአራት ቤት የተሰጠ አንድ ቁልፍ፣ ሌሊት ጭስ ሲነሳ፣ የአንደኛው አባወራ ሱሪ ኪስ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ አባወራው ደግሞ የሌሊት ተረኛ ሊሆን ይችላል። ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ በእጅ የሚከፈት መቆለፊያ ማንኛውም የብረት ሠራተኛ ያውቀዋል። የዋጋው ልዩነት ለአራት ቤት ሲካፈል ክርክር የሚገባው አይደለም። የግቢውን ዋና በር የሚቆልፍ ጥበቃም እንዲሁ ቁልፉን ይዞ ሻይ ሊጠጣ መውጣት የለበትም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ደረጃ፣ ከደረጃ ሥር ያለው ቦታና የቆጣሪው አካባቢ ላይ ድርድር አይኑር፤ ባለቤትም ያስቀምጠው ተከራይ፣ በዚያው ቀን ይነሳ። ኮሪደር ላይ ግን ልኩን ያወቀ ፈቃድ ይሻላል። የማይቀጣጠል፣ በአንድ በኩል ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠና ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ከሆነ የውኃ ዕቃው ይቆይ፤ ውኃው በቋሚነት ሲመጣ ያን ጊዜ እንነጋገር። የጋዝ ሲሊንደርን በተመለከተ አየር የሚገባበት ክፍት በረንዳ እንጂ መተላለፊያ ቦታው አይደለም። ስለ ለቅሶና ስለ ሠርግ ድንኳን የሚነሳው ቅሬታ ብዙም አይደንቀኝም፤ ሐዘንተኛን ድንኳን አትትከል የሚል ሰፈር ሰፈር አይደለም። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት አንድ መስመር ግን ለድንኳንም ለቆመ መኪናም አይሰጥ፤ 939 ደውለን የጠራነው መኪና ከግቢው በር ላይ ቆሞ ቱቦ ሲጎትት የሚባክነው ደቂቃ የሰው ነፍስ ነው።

ተከራዮችም በስብሰባው ላይ ይቀመጡ። ስለ ሽያጭና ስለ ባለቤትነት ድምፅ ይስጡ ማለቴ አይደለም፤ ያ የባለቤቶቹ ነው። በየብሎኩ አንድ የተከራይ ተወካይ ስለ ጽዳት፣ ስለ ጥገናና ስለ መውጫ ሐሳብ እንዲሰጥ የሚፈቅድ መተዳደሪያ ደንብ መጻፍ ግን ከማኅበሩ አቅም በላይ አይደለም። «ኃላፊነት የሌለበትን ሰው መብት ልትሰጡት ነው» ለሚሉኝ፣ መብት የሌለውን ሰው ኃላፊነት ስንጠይቀው መኖራችንን አስታውሳቸዋለሁ።

ውጭ አገር ያላችሁ ባለቤቶች፣ ውክልና የሰጣችሁትን ሰው በሚቀጥለው ስልክ ኪራዩ ገባ ወይ ብላችሁ ስትጠይቁ መዋጮው ተከፈለ ወይ፣ ስብሰባውስ ላይ ተገኘህ ወይ በሉት። አገር ውስጥ ያላችሁ አከራዮች፣ ቀጣዩን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ጋራ ቦታዎች ያቺን አንድ ገጽ አያይዙ። ተከራዮች ደግሞ ቤት ስታዩ ቧንቧና ሶኬት ከመፈተሻችሁ በፊት የፍርግርጉ ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነ ጠይቁ። የማኅበር ኮሚቴዎች በበኩላችሁ ከማስታወቂያው ወረቀት ጎን ሌላ ወረቀት ለጥፉ፤ ኮሙናሉ ለማን፣ በስንት እንደተከራየና ገንዘቡ የት እንደገባ የሚገልጽ።